ስለ ባዕድ እርዳታ፤ መስጠትና መቀበል እንዴት እንዲገባ

አንባቢ ሆይ፤ ለችግረኛ መስጠት መልካም መሆኑን የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ገና ሕፃናት ሳለን ከእናታችን እጅ ቍራሽ ተቀብለን በደጅ ለቆመው ነዳይ እንድናደርስ ስንላክ ተምረነዋል። ነገር ግን እንዴት መስጠት እንደሚገባ፥ የተሰጠውንም እንዴት መቀበል እንደሚገባ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው «ልቤ ቅን ከሆነ ይበቃል» ይላል። በውኑ ይበቃልን? ሐኪም ልቡ ቅን ሆኖ መድኃኒቱን ቢሳሳት በሽተኛው አይጐዳምን? ስለዚህ ከባሕር ማዶ ወደ አገራችን የሚመጣው እርዳታ በምን መንገድ እንደ ጠቀመ፥ በምንስ መንገድ እንደ ጐዳ፥ ወደ ፊትም እንዴት ሊቃና እንደሚገባው በዚህች ትንሽ ጽሑፍ ልነግርህ እወዳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ግን እርዳታን የምንቅ እንዳይመስልህ። እኔ ራሴ ፊደል የቈጠርሁት በስም የማላውቃቸው ሰዎች ከኪሳቸው ባዋጡት ገንዘብ በተሠራ ትምህርት ቤት ነው። የበላበትን ወጪት መስበር ነውር ነው። ነገር ግን ስጦታን ማክበር ማለት ጕድለቱን መሸፈን ማለት አይደለም፤ ይልቁንም የሰጪው ድካም በከንቱ እንዳይቀር፥ የተቀባዩም ችግር እንዳይረዝም እውነቱን መናገር ነው።

ዱከም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ ዋናው ከተማ የሚወጣው ጭነት በአዳማና በቢሾፍቱ አድርጎ በደጃችን ያልፋል፤ የእርዳታ ስንዴም የጫኑ ካሚዮኖች በዚሁ መንገድ ሲያልፉ ኖረዋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ስሙ የታወቀው የአድአ ጤፍ ይዘራል። እንግዲህ የዚህ ከተማ ሰው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያያል፤ የገዛ አገሩን አዝመራና ከሩቅ አገር የመጣውን ጆንያ። እነዚህ ሁለቱ ወዳጆች ናቸው ወይስ ባላንጣዎች? የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ነውና።

1ኛ፤ እርዳታ የገበሬውን ገበያ እንዳያፈርስ መጠንቀቅ ይገባል። በ1993ና በ1994 ዓ.ም. በአገራችን በቈሎ እጅግ በዛ። የሚገዛው ግን ስላልተገኘ ዋጋው ከመርከሱ የተነሣ አንዳንዱ ገበሬ የማሳጨጃና የማጓጓዣ ዋጋ ስንኳ ስላልወጣለት እህሉን ከማሳው ላይ ተወው፤ ለሚመጣውም ዓመት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መግዛት አቃተው። ከዚያም ዝናብ ቀረ፤ በ1995 ዓ.ም. ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ያን ጊዜ ከአሜሪካ ብቻ ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ዋጋ ያለው እህል ተላከ፤ ብዙ ነፍስም ዳነ፥ ለዚህም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ካሚዮኖቹ በአዳማ ሲያልፉ በዚያው በአዳማ መጋዘኖች የአገር እህል ገዢ አጥቶ ተከምሮ ነበር። ለእርሻችን ማሻሻያ በዚያ ዓመት የተሰጠው ገንዘብ ደግሞ ለእህሉ ከወጣው ከመቶው ሁለት እጅ ስንኳ አይሞላም ነበር።

ይህ ስለ ምን ሆነ ብትል፥ የአሜሪካ ሕግ የእርዳታው እህል በአሜሪካ ምድር የበቀለ እንዲሆን፥ አብዛኛውም በአሜሪካ መርከብ እንዲጫን ያዝ ስለ ነበር ነው። የዚያው አገር መንግሥት መርማሪ መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ.ም. ሒሳቡን አይቶ፥ ለአስቸኳይ የምግብ እርዳታ ከሚወጣው ገንዘብ ከመቶው 65 እጅ ያህሉ ለእህሉ ሳይሆን ለማጓጓዣና ለልዩ ልዩ ወጪ እንደሚውል ገለጠ። እንግዲህ ሰጪው ከሦስት ብር አንዱን ለተራበው፥ ሁለቱን ለመንገዱ አወጣ ማለት ነው። ለራሱ ገበሬና ለራሱ ባለመርከብ ማሰቡ ኀጢአት ነው አልልም፤ ነገር ግን የገዛ ንግዱን ምጽዋት ብሎ መጥራት እውነትን ማደባለቅ ነው። በሁለት ሚዛን የሚሰፍር ነጋዴ የሚነቀፍ ከሆነ፥ በአንድ እጁ ለድኻው በሌላው እጁ ለራሱ የሚሰፍርስ እንዴት አይመረመርም?

ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውን አስብ። በጥጋብ ዓመታት የአገሩን እህል ከአገሩ ገበሬ ሰብስቦ በየከተማው አከማቸ፤ ረኃብ በመጣ ጊዜ ከጐተራው ከፈተ እንጂ መርከብ እስኪመጣ አልጠበቀም። በእኛም ዘመን ይህን ያስተዋሉ አሉ። ካናዳ በ2000 ዓ.ም. ለእርዳታ የሚሆነው እህል ከራሷ ምድር ብቻ ይገዛ የሚለውን ደንብ ፈጽማ ተወች። የዓለም የምግብ ፕሮግራምም በአገራችን ከገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቈሎ መግዛት ጀመረ። ስለዚህ ቅርብ እህል ሲኖር ከቅርብ ይገዛ፤ አገሩ ሁሉ በድርቅ ተመትቶ ገበያው ባዶ በሆነ ጊዜ ግን ከሩቅ ይምጣ፤ ያን ጊዜ ከገበያ መሻማት ለሌላው ድኻ ዋጋ ማስወደድ ይሆናልና።

2ኛ፤ እርዳታ በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ መመርመር ይገባል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአርሲ፥ በጭላሎ አውራጃ ታላቅ የእርሻ ልማት ሥራ ተጀመረ፤ ማዕከሉም አሰላ ነበረ። ምርጥ ዘር፥ ማዳበሪያና ብድር ለጭሰኛውና ለአነስተኛው ገበሬ ይዳረስ ዘንድ ታስቦ ነበር። አዝመራውም በእውነት ጨመረ። ነገር ግን መሬቱ የባለርስቱ ነበረና፥ እንዲህ የሚያተርፍ መሆኑን ባየ ጊዜ ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ራሱ ማሳረስ ጀመረ፤ በዚህም ብዙ ጭሰኞች ከኖሩበት መሬት ተፈናቀሉ። ዘሩ መጥፎ አልነበረም፤ ሰጪዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። መሬቱ የማን እንደ ሆነ ሳይቃና ዘሩ ብቻ ስለ ተሻሻለ፥ ለድኻ የታሰበው በረከት ለድኻው መነቀያ ሆነ። እርዳታ እንደ ዝናብ ነው፤ ማሳ ላለው ይበቅልለታል፥ ማሳ የሌለውን ያበሰብሰዋል።

መድኃኒቱ ምንድር ነው? የሚረዳው ሰው በነገሩ ድምፅ ይኑረው። በሐዋርያት ዘመን በኢየሩሳሌም ማዕድ ሲታደል ግሪክኛ የሚናገሩት ወገኖች መበለቶቻቸው ቸል ስለ ተባሉ አጕረመረሙ። ሐዋርያትም ያጕረመረሙትን አልገሠጹም፤ በማዕዱ ላይ የሚሾሙ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፥ የተመረጡትም ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ነበሩ። የተጐዳው ወገን ለአደላደሉ ዳኛ ሆነ ማለት ነው። ዛሬም አንድ ሥራ ሲታቀድ በከተማ አዳራሽ ተሰብስቦ ሻይ ከሚጠጣው ሰው ይልቅ ውኃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት የምትሄደው ሴት አስቀድማ ብትጠየቅ፥ ብዙ ገንዘብ ባልባከነ ነበር።

3ኛ፤ እርዳታ በጊዜው የሚደርስና አስቀድሞ የታወቀ ይሁን። ከ1997 ዓ.ም. በፊት የነበረው ልማድ፥ በየዓመቱ አዝመራው ከታየ በኋላ «ይህን ያህል ሚሊዮን ሰው ተርቧልና ስጡን» ብሎ መለመን ነበረ። ልመናው እስኪሰማ፥ መርከቡም እስኪደርስ ገበሬው በሬውን ይሸጥ ነበር፤ በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚመጣው ክረምት ዝናብ ቢዘንብለት ስንኳ በምን ያርሳል? በ1997 ዓ.ም. ግን መንግሥትና ብዙ ለጋሾች ተስማምተው ሴፍቲኔት የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱን ልዩ ሥራ ከሚያቆም ይልቅ ሁሉም በአንድ ዕቅድ ሥር እንዲረዱ ሆነ። መጀመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን፥ በኋላም ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በታወቁ ወራት ገንዘብ ወይም እህል ሲቀበል ኖረ። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፥ ጕድጓድ ይቈፍራል፥ መንገድ ይጠርጋል፤ ሽማግሌውና ሕመምተኛው ግን ያለ ሥራ ይቀበላሉ። ክፍያው የዘገየባቸው ወራት ባይጠፉም፥ የሚመጣለትን አስቀድሞ የሚያውቅ ገበሬ በሬውን ለመሸጥ አይቸኵልም።

ይህ ሐሳብ ከጥንት የነበረ ነው። በእስራኤል ሕግ ባለእርሻው የማሳውን ዳር እንዳያጭድ፥ ቃርሚያውንም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዞ ነበር። ሩት በቦዔዝ እርሻ ቃርማ አማቷን መገበች፤ ሠርታ በላች እንጂ አላፈረችም፥ የተተወላት ዳርም በሕግ የታወቀ እንጂ በባለእርሻው የዕለት ስሜት የሚወሰን አልነበረም።

የጤናውንም ነገር ተመልከት። በ1995 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን የሚባለውን ሥራ ጀመረ፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ከዚያው አገር እየተመረጡ አንድ ዓመት ተምረው ተላኩ፥ ቍጥራቸውም ከ30,000 በላይ ሆነ። ደመወዛቸውን መንግሥት ሲከፍል፥ ለክትባቱ፥ ለመድኃኒቱና ለመሣሪያው ግን የውጭ ገንዘብ ብዙ ረዳ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከሚወለዱት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ 67 ወርዶ ተገኘ። ይህ ሁሉ የአንድ ሥራ ፍሬ ነው አልልም፤ የሠራተኛዋ ደመወዝ ከአገር፥ መድኃኒቱ ከወዳጅ ሲሆን ግን ሥራው ሥር እንደሚሰድ ያሳያል።

ደመወዙም ጭምር ከባዕድ በሆነበት ስፍራ የሆነውን ደግሞ እይ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት አገደ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ እርዳታውን ሲሰጥ የኖረው መሥሪያ ቤት ተዘጋ። በጤና ሚኒስቴር በኩል በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በተለይ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ይሠሩ የነበሩ 5,000 ያህል ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ስለ ሁለት ነገር ማዘን ይገባናል። ሰጪው ቃሉን በአንድ ሌሊት ማጠፉ በደል ነው፤ የመስጠት ግዴታ ባይኖርበት ስንኳ፥ ሰው የተደገፈበትን ምርኵዝ ሳያስጠነቅቁ መንጠቅ ከመጀመሪያው ካለመስጠት ይከፋልና። ነገር ግን እኛም ሃያ ዓመት ሙሉ ምርኵዙን ይዘን እግራችንን ለማጽናት ቸል ያልንበት ስፍራ እንዳለ እንመርምር። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶቻችን ስጦታን ሲንቁ አይደለም፤ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ ራቁት እንዳንቀር ሲመክሩን ነው። ስለዚህ ማንኛውም የእርዳታ ውል ሲጻፍ መጀመሪያው ብቻ ሳይሆን መጨረሻውም ይጻፍበት፤ በስንት ዓመት የትኛው ወጪ ወደ አገሩ መዝገብ እንደሚዛወር አስቀድሞ ይቈረጥ።

4ኛ፤ ሒሳቡና ወሬው እውነት ይሁን። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ በረኃብ ሲያልቅ ሹማምንት ነገሩን ሸሸጉ፤ አንድ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ከታየ በኋላ ነው የዓለም ሕዝብ ያወቀው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ ወታደራዊው መንግሥት የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ በዓል ሲያከብር በወሎና በትግራይ ሰው ይረግፍ ነበር፤ በጥቅምት የኮረም ረኃብተኞች በቴሌቪዥን እስኪታዩ ድረስ የመጣው እርዳታ ጥቂት ነበር። በሁለቱም ዘመን ብዙ ሰው የሞተው ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ ሳይሆን እውነት ስለ ዘገየም ነው። ረኃብን መሸሸግ ክብርን መጠበቅ አይደለም፤ የሕዝብ ነፍስ ለሹመት ዋጋ መክፈል ነው።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ለተራቡት የተላከ እህል ከመንገድ እየወጣ እንደሚሸጥ በታወቀ ጊዜ፥ በሰኔ መጀመሪያ አሜሪካና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላው አገር የምግብ እርዳታቸውን አቋረጡ፤ ለአብዛኛውም ተረጂ ከአምስት ወር በላይ ተቋርጦ ቈየ። ወዳጄ ሆይ፤ ይህን እንዴት ትፈርዳለህ? ሰጪው «ለሌባ አልሰጥም» ማለቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሌባው አልተራበም፤ የተራበችው ልጆቿን ይዛ በመጋዘኑ በር የቆመችው እናት ናት። ሌባው ሰረቃት፥ ቀጪውም ስለ ሌባው ቀጣት፤ ሁለት ጊዜ ተበደለች። ፍርዱ በራበው ላይ ሳይሆን በሰረቀው ላይ ይወድቅ ዘንድ የተረጂው ስም ዝርዝር፥ የጆንያው ቍጥርና የካሚዮኑ መንገድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መመርመር ነበረበት እንጂ ከብዙ ዓመት በኋላ አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ሲያደርስ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸውን ሰዎች ከእርሱ ጋራ አደረገ፥ ማንም እንዳይነቅፈው። ጳውሎስ ስንኳ ምስክር ከፈለገ፥ እኛ ያለ ምስክር የምንታመን ማን ነን?

5ኛ፤ ከስጦታ ሁሉ የሚጸናው እውቀት ነው። በ1940ዎቹ ከአሜሪካ ጋራ በተደረገ ውል የኦክላሆማ መምህራን መጥተው የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ በዚያው ዘመን ከዱከም ጥቂት አለፍ ብሎ በደብረ ዘይት የኮሌጁ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ። መምህራኑ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ተማሪዎቻቸው ግን ቀሩ። እነዚያና ከእነርሱ በኋላ የተነሡት ኢትዮጵያውያን ባሕር ማዶ የማያውቀውን ጤፍን መረመሩ። ከብዙ ድካምም በኋላ፥ ብዙ የሚያፈራውንና በከተማችን ስም «ዱከም» የተባለውን ዘር፥ እጅግ ነጭ ከሆነው ግን ጥቂት ከሚያፈራው ከ«ማኛ» ጋራ አዳቅለው፥ በ1998 ዓ.ም. «ቍንጮ» የተባለውን ዘር ለገበሬው ሰጡ። እነሆ፥ ያ የቀድሞው እርዳታ በእኛው ሰዎች እጅ በአድአ ማሳ ላይ ዘር ሆኖ ቆመ።

ምናልባት «እርዳታ ሰውን ሰነፍ ያደርጋልና ፈጽሞ ቢቀር ይሻላል» የሚል ይኖራል። እኔ ግን እንዲህ እመልሳለሁ። ዘግይቶ የሚመጣ፥ መጠኑም ወሩን የማያደርስ ስፍር ተስፋ አድርጎ ማረሻውን የሚጥል ገበሬ ማን ነው? ሞፈሩን ያስጣለው በሬው ማለቁ ነው እንጂ ስንዴው አይደለም። ስንፍናስ የሚታየው ይልቁንም በእኛ በተማርነው ዘንድ ነው፤ ሥራው ሳይፈጸም አበሉን የሚቈጥር፥ ለስብሰባ እንጂ ለፍሬ የማይተጋ፥ ስለ ድኻው የሚጻፈውን ወረቀት ከድኻው የሚያስበልጥ ብዙ ነውና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር የነገሥታትና የሚኒስትሮች ብቻ ነው ብለህ አትተወው። የወረዳ ጸሐፊ ብትሆን የተረጂዎችን ዝርዝር ስትጽፍ የዘመድህን ስም አታስገባ፥ የማታውቀውንም አታውጣ፤ አንድ ስም አንድ ነፍስ ነው። ነጋዴ ብትሆን የእርዳታ ምልክት ያለበትን ጆንያ አትግዛ፤ ገዢ ከሌለ ሻጭ የለምና። ተማሪ ብትሆን የተማርኸው በብዙዎች ድካም እንደ ሆነ አስብ፥ እውቀትህንም ከደመወዝ በላይ ለሆነ ነገር አውለው። በባሕር ማዶ የምትኖር ብትሆን ከገንዘብህ ጋራ ጥያቄም ላክ፤ ማን ተቀበለ፥ ምን ተሠራ፥ መቼስ ያለ እኔ ይቆማል ብለህ ጠይቅ።

ይልቁንም በመካከላችን ያለውን አንርሳ። በእድር ቀባሪ ያጣ አይኖርም፤ በደቦ የደከመው ሰው ማሳ ይታረሳል፤ በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ በቡሳ ጎኖፋ ከብቱ በድርቅ ላለቀበት ሰው ወገኑ ጊደር ያዋጣለታል፥ በቅርብ ዓመታትም የኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም ተቋም አቁሟል። በእነዚህ ሁሉ ሰጪው ነገ ተቀባይ እንደሚሆን፥ ተቀባዩም ነገ ሰጪ እንደሚሆን ያውቃል፤ ስለዚህ ሰጪው አይኰራም፥ ተቀባዩም አያፍርም፥ ሒሳቡም በጎረቤት ፊት ይነገራል። የባሕር ማዶውም እርዳታ ይህን የመሰለ ቢሆን፥ የሰጪው ቸርነት የተቀባዩን ጕልበት ያጸናል። እግዚአብሔር ለሰጪው ማስተዋልን፥ ለተቀባዩ ታማኝነትን ይስጥልን።